የጋሪ ፈረስ ቁስል ከምን ይመጣል?

እንደሚታወቀው ፈረስ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው እንስሳ ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ዛሬም ቢሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ፈረሱ አጊጦ፣ ተሸልሞ ይወጣል። የጋሪ ፈረስ ግን ያው የዚያው ዘር ሆኖ ሳለ ከ«ዳማው» እና ከ«ቡላው» ያለፈ ስም የለውም። ጀርባውን ልብ ብሎ የሚያይለትም ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚህኛው ፈረስ ነው፤ ይኸውም ስለ ቁስሉ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ርእሱን ሰምተው «አንተ አስተማሪ ልትሆን ነው ወይስ የከብት ሐኪም?» እያሉ ሥቀውብኛል። መልሴ አጭር ነው። ነገ በምንመደብበት አካባቢ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ይገኝ ይሆናል፤ አስተማሪ ግን እዚያው ነው። ፈረሱን ወንዝ አውርዶ ውሃ የሚያጠጣው፣ ማታ ከጋሪ የሚፈታው፣ ሣር የሚያጭድለትም ብዙውን ጊዜ ጧት ደብተር ይዞ እኛ ፊት የሚቀመጠው ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ሰው የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ሲያይ «ምን ይደረግ፣ ሥራ ነው ያቆሰለው» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ፈረስ ለመጎተት የተሠራ አካል አለው፤ ሥራ ብቻውን ቆዳ አይልጥም። ቆዳ የሚልጠው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ጫና ነው፤ በዚያ ላይ መፋተግ፣ ላብና አቧራ ይጨመርበታል። ጫናው ሲበዛ በቆዳው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ደም ያልደረሰው ቆዳም ይሞታል። ታዲያ አሳሳቹ ነገር ቁስሉ የዚያኑ ዕለት አለመታየቱ ነው። መጀመሪያ ቦታው ይሞቃል፣ ትንሽ ያብጣል፣ ፀጉሩ ይሳሳል። ቆዳው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ቆስሎ የዳነ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ነጭ ፀጉር ይበቅላል። ስለዚህ አንድ ዳማ ፈረስ ጫንቃው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ካለው መልኩ አይደለም፤ የኮርቻው ታሪክ ነው።

አሁን ደግሞ ጋሪውን እንመልከት። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ማለት ሚዛን ማለት ነው። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሌቨር የተማርነውን እናስታውስ፤ ጎማዎቹ መደገፊያ ነጥብ ናቸው፣ ጭነቱ በአንድ ወገን፣ ፈረሱ በሌላ ወገን ነው። ጭነቱ ከጎማው ወደ ፊት ካደላ ዘንጎቹ ወደ ታች ይወርዱና የክብደቱ ከፊል በኮርቻው አድርጎ ጀርባው ላይ ያርፋል። ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ ዘንጎቹ ወደ ላይ ይነሡና የሆድ ማሰሪያው ከሥር ሽቅብ እየጎተተ ሆዱን ይቆርጠዋል። አንድ ኩንታል ጤፍ በትክክል ቢጫን ፈረሱ ጀርባ ላይ እምብዛም ላይሰማው ይችላል፤ ያው ኩንታል ግማሽ ክንድ ወደ ፊት ቢገፋ ግን ፈረሱ እየጎተተም እየተሸከመም ነው ማለት ነው። ባለጋሪው ራሱ የሚቀመጥበት ቦታም ጭነት መሆኑ መረሳት የለበትም። ፈረሱ ከመጠመዱ በፊት ዘንጎቹን በእጅ አንሥቶ ማየት ይበቃል፤ ቀለል ብለው ወደ ታች ጥቂት ብቻ የሚጫኑ ከሆነ ሚዛኑ ደህና ነው። ለዚህ ገንዘብም ሐኪምም አያስፈልግም።

ኮርቻው በአከርካሪው አጥንት ላይ መተኛት የለበትም። በአጥንቱ ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም ትራስ ኖሮት መሐሉ እንደ ቦይ ክፍት ሊሆን ይገባል። የሚጎትተው በደረቱ ስለሆነ የደረት ማሰሪያው ቢያንስ አራት ጣት ያህል ይስፋ፤ ከጉሮሮው በታች፣ ከትከሻው መጋጠሚያ በላይ ይዋል። ከፍ ካለ ትንፋሽ ያሳጥረዋል፣ ዝቅ ካለ የእግሩን እንቅስቃሴ ይይዘዋል። በብዙ ከተማ የምናየው ግን ምንድን ነው? ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቀጭን ማሰሪያ፣ የናይሎን ገመድ፣ ከሥሩም የማዳበሪያ ከረጢት! ናይሎንና ጎማ ላብ አይመጡም፤ እንደ ሞረድ ይፍቃሉ። የጥጥ ጨርቅ፣ የበግ ቆዳ ከነፀጉሩ፣ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ቢሰፋበት ይሻላል፤ ግን ላብ ደርቆበት እንደ ቅርፊት ሳይሆን ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ከሽቦ የተሠራ ልጓምም እንዲሁ ምላስና ከንፈር ይቆርጣል። አፉ የቆሰለ ፈረስ ደግሞ ደህና አድርጎ አይበላም፤ ባለቤቱ ግን «ሰነፈ» ይለዋል።

እዚህ ላይ የባለጋሪውንም ወገን ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። አጎቴ ባለጋሪ ነው፤ እኔም ደብተርና እስክርቢቶ የተገዛልኝ ከዚያ ጋሪ ነው። አንድ ክረምት ፈረሱ ጫንቃው ላይ የሽልንግ ሳንቲም የምታህል ቁስል ወጣችበት። «ጋሼ፣ ለምን አታሳርፈውም?» አልኩት። «እሱ ካረፈ ቤቱም ያርፋል፤ ታዲያ እናንተ ምን ትበላላችሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ብዙ አስተማሪና ባለሙያ «አሳርፉት» ብሎ ብቻ የሚመክረው ይህን ሳያስብ ነው። አጎቴ ያደረገው የሚከተለው ነው። የኮርቻውን ትራስ ፈታና ቁስሉ ባለበት ትክክል ቆርጦ ጎድጓዳ አደረገው፣ ዙሪያውን በጥጥ ሞላ፣ ለሁለት ቀን ጭራሹን አልጠመደውም፣ ከዚያ በኋላ እስኪድን ድረስ ግማሽ ቀን ብቻ፣ ያውም ሰው እንጂ ከባድ ጭነት ሳይጭን ሠራ። ገቢው ቀነሰ፤ ቤታችንም ያን ሰሞን ሽሮ እንጂ ወጥ አላየም። ግን ሳንቲም የምታህል ቁስል በቀናት ትድናለች፣ መዳፍ ያህል የሆነች ቁስል ሳምንታትና ወራት ትፈጃለች። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ባለጋሪን የሚያሳምነውም ይህ ሒሳብ ነው እንጂ ቁጣ አይደለም።

ቁስሉን ማጽዳትም ቀላል ነው። ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨው ማሟሟት፣ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር መቁረጥ፣ ከዚያም ጧትና ማታ በንጹሕ ጨርቅ ማጠብ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የባትሪ ውሃ፣ አመድና እበት መድኃኒት አይደሉም። ዝንቡን ለጊዜው ቢያባርሩም ሊድን የጀመረውን ሥጋ ያቃጥሉታል ወይም ያቆሽሹታል።

አንባቢ «ለአንዲት ቁስል ይህ ሁሉ ለምን?» ይል ይሆናል። ዋናው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቁስል በር ነው። በዚህ በር ከሚገቡት መካከል የጋሪ ፈረስን በአገራችን እጅግ የጎዳው በሳይንስ ስሙ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው በሽታ ነው። የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ፈንገሱ በተላጠ ቆዳ ይገባና የሊምፍ ቱቦዎችን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከሽምብራ እስከ ለውዝ የሚያካክሉ እባጮች በእግር፣ በደረት፣ በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ በመካከላቸውም ቱቦው እንደ ገመድ ይወፍራል። ከዚያ እባጮቹ እየፈነዱ ወፍራም መግል ያወጣሉ፣ ይደርቁና እንደገና ይፈነዳሉ። አንዳንዴ ዓይንን ወይም ሳንባን ይይዛል። ፈረሱ ብዙ ጊዜ መብላቱን ስለማያቆም ባለቤቱ «ደህና ነው» ብሎ ማሠራቱን ይቀጥላል።

በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን አይቶ ከመቶ ወደ 19 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አመልክቷል። ይህም ማለት ከአምስት ፈረስ አንዱ ገደማ ነው። በሽታው የሚበረታው ሞቅና ረጠብ ባለው ወይና ደጋ ነው፤ በጣም ብርድ በሆነው ደጋና በደረቁ ቆላ ያን ያህል አይታይም። ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ማን ነው ቢባል ዝንብ፣ የጋራ ኮርቻና ማሰሪያ፣ የጋራ መፈግፈጊያ ብሩሽ፣ እንዲሁም ማሰሪያውን የነካ እጅ ነው። የታመመውን ፈረስ ማሰሪያ ለጤነኛው ማዋስ በሽታውን በእጅ እንደ ማቀበል ይቆጠራል። ገና አንድ ሁለት እባጭ ሲታይ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ቢወሰድ በአዮዲን መድኃኒቶች የሚረዳ አለ። ከተስፋፋ በኋላ ግን የሚያድነው መድኃኒት ዋጋው ከፈረሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ሕክምናውም ረዥም ነው።

በየሰፈሩ የሚደረገው ሌላ ነው፤ እባጩን በጋለ ብረት መተኮስ። እኔ ይህን ልማድ የሚያደርጉትን ሰዎች አልነቅፍም፤ የሚያደርጉት ፈረሱን ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን ተኩሱ አዲስ ቁስል ይከፍታል፣ ማለትም አዲስ በር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ አይድንም የተባለው ፈረስ ወደ ከተማ ዳር ይለቀቃል። እዚያ የአስፋልት ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ዝንብ እንደ ወረሰው በሽታውን ለሌላው ያደርሳል፣ በመጨረሻም መኪና ወይም ጅብ ይጨርሰዋል። ዐሥር ዓመት ቤት የመገበ እንስሳ!

በቁስል የሚገባ ሌላም አለ፤ ይኸውም መንጋጋ ቆልፍ ነው። ጀርሙ በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ፈረስም ከቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ኮቴን በወጋ ምስማር ነው። እግሮቹ እንደ ሣንቃ ይደርቃሉ፣ ጆሮው ይቆማል፣ ጅራቱ ከፍ ይላል፣ ማኘክ ያቅተዋል። ከያዘ በኋላ ማዳን እጅግ ከባድ ነው፤ ክትባት ግን አለው። ስለዚህ ማታ ኮቴን አንሥቶ በእንጨት መጥረግና የተሰካ ነገር መፈለግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ቢሆንም ትልቅ ሥራ ነው። (ሁሉም በሽታ በቁስል አይገባም፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን በተለይ ከዝናብ ወራት በኋላ ጥቃቅን ትንኞች ያመጡታል። ክትባቱ እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ይመረታል።)

ስለ ምግብና ውሃ በአጭሩ ልናገር። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ በሙቀት ሲሠራ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ጧትና ማታ ብቻ ማጠጣት አይበቃም፤ ቀንም በየመሐሉ ሊሰጠው ይገባል። ጨጓራው ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነና ማስመለስም ስለማይችል ማታ አንድ ጊዜ ብዙ ገብስ ወይም ፉርሽካ ከመስጠት ጥቂት ጥቂቱን ከፋፍሎ፣ ሣርና ጭድ አብዝቶ መስጠት ከሆድ ቁርጠት ያድነዋል። በላብ የወጣውን ጨው ለመተካት አንድ ጉማጅ አሞሌ ማስላስ ነው። የከሳ ፈረስ አጥንቱና ኮርቻው መሐል ሥጋ ስለሌለ ቶሎ ይቆስላል፤ ስለዚህ መኖም ከቁስሉ ጉዳይ ውጭ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለልጆች እንዴት እናስተምራለን? በእኔ አስተያየት በቃል ብቻ አይሆንም። ገበያ ባልሆነ ቀን ከተማሪዎቹ የአንዱ ወላጅ ፈረሱን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲያመጣ መጠየቅ ይቻላል። ልጆቹ ከጎኑ ቆመው የጎድኑን ከፍ ዝቅ ማለት እያዩ በሰዓት ይቁጠሩ፤ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ትንሽ ከሮጠ በኋላ እንደገና ይቁጠሩና ስንት ደቂቃ ቆይቶ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ይጻፉ። ይህ ሒሳብም ሳይንስም ነው። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ የፈረስ ሥዕል ይሣልና ማሰሪያ የሚያርፍባቸው ቦታዎች በጠመኔ ይከበቡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሄደው እነዚያኑ ቦታዎች በእጅ መዳፍ ይዳብሱ። የሞቀ፣ ያበጠ፣ ፀጉሩ የሳሳ ወይም ሲነኩት ፈረሱ የሚሸሸው ቦታ ካለ ለባለቤቱ ይነገረው፤ በልጆቹ ፊት ግን አይወቀስ፣ አለዚያ ሁለተኛ ፈረሱን አያመጣም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ሆነው አይቅረቡ። ከግራ ትከሻው በኩል፣ ድምፃቸውን ዝግ አድርገው እየተናገሩ ይምጡ፤ ከኋላው ማንም አይቁም። ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።