ኖይዝ ይካሳል፣ ብዥታ አይካስም፦ ፀሐይን ከባሮ ዳር ስለማንሳት

ፀሐይን በቴሌስኮፕ ማንሳት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የካሜራ ዋጋ ነው። ጋምቤላ ላይ ሆኖ ለሚያነሳ ግን ዋናው ባላንጣ አየሩ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትርን ብዙም በማያልፍ ከፍታ ላይ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱን ዝቅ ብሎ ያየ ሰው ከላዩ የሚርገበገበውን አየር ያውቀዋል። ቴሌስኮፕ ደግሞ ፀሐይን ሲያጎላ ያንን መርገብገብም አብሮ ያጎላል፤ የፀሐይዋ ጠርዝ እንደ ፈላ ወተት ይንተከተካል፣ በላይዋ ያለው ጥቁር ነጥብ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ይሟሟል። ስለዚህ የካሜራው ቅንብር በሙሉ ለአንድ ነገር መገዛት አለበት እላለሁ፦ አየሩ ረጋ የሚልባትን ቅጽበት ለመንጠቅ።

ከሁሉ በፊት ግን ማጣሪያው። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከቴሌስኮፑ አፍ፣ ማለትም ብርሃን ከሚገባበት ጫፍ ላይ ይታሰራል። ዓይን ከሚጠጋበት በኩል የሚጠመዱት ትንንሽ ጥቁር መስታወቶች በተሰበሰበው ሙቀት ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ ያኔ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ለዕይታ የሚሆነው የፊልም ማጣሪያ ከመቶ ሺህ የብርሃን እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ማነጣጠሪያዋን ትንሽ ቴሌስኮፕም መክደን አይረሳ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ብዙዎች ከመደበኛ ፎቶ የወረሱት ልማድ አላቸው፦ አይኤስኦን ወይም ጌይንን (የሴንሰሩን ምልክት ማጉያ) ዝቅ አድርጎ፣ ሹተሩን አዘግይቶ፣ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ማውጣት። ለፀሐይ ይህ ልማድ ተገልብጦ መሠራት አለበት። አየሩ በሺኛ ሰከንድ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ይለዋወጣል። ሹተሩ ለ1/60 ሰከንድ ከተከፈተ ብዙ የአየር ሞገድ በአንድ ፍሬም ላይ ተደርቦ ይጻፋል፤ ውጤቱ ብዥታ ነው፣ ያንን የሚመልስ ሶፍትዌር ደግሞ የለም። 1/1000 ሰከንድ ላይ ግን አየሩ እንደቆመ ይያዛል። ብርሃን ያንሳል ለሚል፦ በዚያ ማጣሪያ እንኳ ኤፍ 10 ላይ በአይኤስኦ 100 ወደ 1/1000 ሰከንድ ይበቃል። ምስሉን የሚያጎላ ባርሎ ሌንስ ጨምራችሁ ኤፍ 20 ስትደርሱ ብርሃኑ በአራት እጅ ይቀንሳል፤ ያኔ ሹተሩን አትንኩ፣ ጌይኑን ከፍ አድርጉ። የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ሂስቶግራም ከ70 እስከ 80 በመቶ ላይ ይቁም። ጫፉን ከነካ የፀሐይዋ መሐል ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ እሱም አይመለስም።

ጌይን ሲጨምር ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ኖይዝ የሚባለው እሱ ነው። አንዱን ፍሬም ብቻውን ያየ ሰው ተበላሸ ብሎ ሊጥለው ይችላል። የመደራረብ፣ በተለምዶ ስታኪንግ የምንለው ሥራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ኖይዝ ከፍሬም ፍሬም ቦታውን ስለሚቀያይር፣ ፍሬሞቹ ተደራርበው አማካያቸው ሲወሰድ በቁጥራቸው ስኩዌር ሩት ልክ ይቀንሳል፦ 100 ፍሬም በ10 እጅ፣ 400 ፍሬም በ20 እጅ። ብዥታው ግን በየፍሬሙ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ ቢደራረብ ብዥታ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው በጌይን ተበድረን በስታኪንግ የምንከፍለው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 2,000 ፍሬም ያህል ቪዲዮ ይቀዳል፣ እንደ ኦቶስታከርት ያለ ነፃ ሶፍትዌር በጥራት ደረጃ ያወጣቸዋል፣ የተሻሉት 10 በመቶ ማለትም 200ዎቹ ብቻ ይደረባሉ። አየሩ ክፉ ከሆነ 5 በመቶም ይበዛል። ቪዲዮው ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ፀሐይ ላይ የሚታዩት 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው የሩዝ ፍሬ የመሰሉ እህሎች ዕድሜያቸው 10 ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ካሜራን በማቀዝቀዣ የማሠራቱ ነገር ደግሞ ለሌሊት ረጅም ቀረጻ እንጂ ለሚሊ ሰከንድ አይደለም፤ ሙቀቱን መፍራት ያለበት ላፕቶፑ ነው።

«ታዲያ ይሄ ፎቶ ነው ወይስ ፈጠራ?» የሚል አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መደራረቡ ራሱ አማካይ መውሰድ እንጂ የሌለ ነገር መጨመር አይደለም። ውሸት የሚገባው ከዚያ በኋላ በሚደረገው ማሳል ነው፤ ማሳሉን ከልክ በላይ የገፋ ሰው በጥቁሩ ነጥብ ዙሪያ ነጭ ቀለበት፣ በሜዳው ላይ ትል የመሰለ መስመር ያገኛል። ማጣራት ለፈለገ መንገዱ ቅርብ ነው፦ በ2010 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የናሳ ኤስዲኦ ሳተላይት የየዕለቱን የፀሐይ ምስል በነፃ ታወጣለች፤ የእናንተ ነጥብ እዚያ ከሌለ ነጥብ አይደለም። ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። በበጋ የጋምቤላ አቧራ ሴንሰር ላይ ካረፈ በየፍሬሙ አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ስታኪንግ አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያደምቀዋል። ቴሌስኮፑን ትንሽ ገፋ አድርጉት፤ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ካልሄደ አቧራ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «በዚህ ቆላ ምን ይነሳል? 3,200 ሜትር ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያለ» የሚል ነው። ለሌሊቱ ሰማይ እውነት አለው። የቀኑ መርገብገብ ግን አብዛኛው የሚወለደው ፀሐይ ካጋለችው መሬት አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ከከፍታው ይልቅ ትሪፖዱ የቆመበት ቦታ ይወስናል። ቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት የከፉ ናቸው፣ ውሃ ግን ቶሎ አይግልም። የካሊፎርኒያው ቢግ ቤር በሐይቅ ውስጥ፣ የሕንዱ ኡዳይፑር በፋቴ ሳጋር ሐይቅ ደሴት ላይ የፀሐይ ኦብዘርቫቶሪያቸውን የሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ጋምቤላ ባሮ አላት። ሣር የለበሰው የወንዙ ዳር፣ ፀሐይ በውሃው በኩል ስትሆን፣ ከግቢያችሁ ሲሚንቶ ይሻላል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ይሁን፤ እዚህ ፀሐይ ከአዲስ አበባ 17 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ስለምትሄድ የአዲስ አበባን ልምድ ስትወስዱ ይህን ጨምሩ። የበጋው የሣር ቃጠሎ ጭስስ? ስስ ከሆነ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ የግድ ምስሉን አያናውጥም፤ ጌይን ጨምሩ።

ስታኪንግ የሚከሽፍበት አንድ ቦታ ግን አለ፦ ግርዶሽ። በላሊበላ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ እንደታየው ሁሉ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ፀሐይ በግብፅ በሉክሶር ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ጋምቤላ በከፊል ታያለች። የጨረቃ ጠርዝ በፀሐይ ላይ በሰከንድ ግማሽ አርክ ሰከንድ (የማዕዘን መለኪያ ነው) ያህል ይንሸራተታል፤ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከ1 አርክ ሰከንድ ትንሽ በሚበልጥ ስፋት ስለሚለይ፣ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ቢደረብ ጠርዙ ይጨማለቃል። ለዚያ ቀን 2 ሰከንድ፣ 100 ፍሬም ገደማ ይበቃል። ክረምት ነውና በደመና ቀዳዳ የሚገኘውም ምናልባት ያው ነው።