የሶላር ፓነል ጉልበትና የሰርኪዩት ፍላጎት

በሶላር ፓነል ጀርባ የተለጠፈው የዋት መጠን የተለካው በቤተ ሙከራ ነው፤ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 1000 ዋት፣ የሴሉ ሙቀት ደግሞ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ። የአዳማ የቀትር ፀሐይ የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ያሟላል፤ ሁለተኛውን ግን አይጠብቅም። አየሩ 30 ዲግሪ ሲደርስ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተጋደመ ፓነል ወደ 60 ይጠጋል። ከተማዋን ለንፋስ ኃይል ማመንጫ ያስመረጠው ንፋስ እዚህ ይረዳል፤ ከፓነሉ ሥር ክፍተት ከተተወለት ያቀዘቅዘዋል።

ሙቀቱ በዋናነት የሚጎዳው ቮልቴጁን ነው። 36 ሴሎች ያሉት ባለ 100 ዋት ፓነል ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በ18 ቮልትና በ5.5 አምፔር ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ በ60 ዲግሪ የሚቀረው 15.5 ቮልት አካባቢ ነው። የእርሳስ ባትሪ እስኪሞላ 14.4 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ቀጭን ሽቦና ዳዮድ አንድ ቮልት ከወሰዱ ትርፍ የለም። "ባለ 12 ቮልት" የሚባለው ፓነል 18 ቮልት ሆኖ የሚሠራው ለዚህ ነው።

የፓነሉን አምፔር ብርሃኑ ይወስነዋል፤ ቮልቴጁን ግን የተገናኘው ሰርኪዩት ይጎትተዋል። 12.5 ቮልት ላይ ያለ ባትሪ በቀጥታ ሲገናኝ ከ100 ዋቱ የሚያገኘው 69 ያህሉን ብቻ ነው። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሽ ቻርጅ ኮንትሮለር ይህን አይለውጥም። ኤምፒፒቲ ግን ፓነሉን በሚበጀው ቮልቴጅ ላይ አቆይቶ ትርፉን ወደ አምፔር ይመነዝራል። ለአንድ አምፖልና ለስልክ ግን የዋጋው ልዩነት አያዋጣም።

በ5 ቮልት ለሚሠሩ ትንንሽ ሰርኪዩቶች ተራው ሬጉሌተር ከ18 ቮልት ሲቀንስ 72 በመቶውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ስዊቺንግ ኮንቨርተር ይመረጣል። ጭነት የሌለው ፓነል በቀዝቃዛ ማለዳ ከ22 ቮልት ሊያልፍ ስለሚችል ኮንቨርተሩ ቢያንስ 30 ቮልት የሚችል መሆን አለበት።

ፓምፕ ከሁሉም ይከብዳል። በመቂና በባቱ እንዳሉት ያሉ የመስኖ እርሻዎች ውኃ የሚስብ ሞተር ሲነሣ ከፍተኛ አምፔር ይጠይቃል፤ ፓነል ደግሞ ከብርሃኑ በላይ አምፔር አይሰጥም። ያለ ፓምፕ ኮንትሮለር ማለዳ ላይ ሞተሩ ሳይዞር ይቆማል። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለ300 ያህል ቤተሰቦች የተተከለው 10.5 ኪሎ ዋት፣ ለአንድ ቤት 35 ዋት ማለት፣ በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት ያደገው የውኃ ፓምፕና ወፍጮ ሲጨመሩ ነበር።

የቀኑ ሒሳብ በዋት ሰዓት ይሠራል። በስምጥ ሸለቆ በቀን በካሬ ሜትር 5 ወይም 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብርሃን ቢገኝ ባለ 100 ዋቱ ፓነል ብክነቱ ተቀንሶ ከ350 እስከ 400 ዋት ሰዓት ይሰጣል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ግን ያንሳል፤ ሌሊቱን ሁሉ የሚሠራ ጭነት የሚሰላው በእነዚህ ወሮች ነው።