ጨጓራ የሚያሳንሱ ሐኪሞች በምን ይወዳደራሉ?

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በቀዶ ሕክምና ማከም በአሜሪካ ትልቅ ገበያ ሆኗል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ዓይነት የጨጓራን 80 በመቶ ገደማ ቆርጦ ያወጣና የቀረውን ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ያደርገዋል። ባይፓስ የሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት አበጅቶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር ያገናኛል። ታማሚው ተጣድፎ ሳይሆን አስቦና አማርጦ የሚገባበት ሕክምና በመሆኑ፣ ሐኪም ቤቶች እርሱን ለማግኘት ይሻማሉ። መወዳደራቸው ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር፣ የሚወዳደሩበት ጉዳይ ለታማሚው ሕይወት ወሳኝ ከሆነው ጉዳይ መራቁ ነው።

ደቡብ ካሊፎርኒያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001 ላፕ ባንድ የተባለውን፣ የጨጓራን አናት እንደ ቀበቶ የሚያጠብቅ የሲሊኮን ቀለበት ፈቀደ። ከዓመታት በኋላ በአውራ ጎዳናዎቿ ዳር «ቅጠኑ» የሚል ቃል የሚወጣው ነፃ የስልክ ቁጥር በትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ ተሰቀለ። ቁጥሩን በመኪና የሚያልፍ ሰው ከሩቅ ያነበዋል፤ የቀዶ ሕክምናው አደጋ ግን ዓይን በማይለየው ደቃቅ ፊደል ነበር የተጻፈው። በ2011 መጨረሻ አስተዳደሩ ለአስተዋዋቂው ድርጅትና ለስምንት የቀዶ ሕክምና ማዕከላት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ድንበር ተሻግሮ በሜክሲኮዋ ቲጁዋና ያለው ፉክክር ደግሞ በዋጋ ነው፤ ሆቴሉና ትራንስፖርቱ ከቀዶ ሕክምናው ጋር በአንድ ሒሳብ ይቀርባል። በ2019 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ እዚያ ከታከሙ አሜሪካውያን አንዳንዶቹ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ተይዘው መመለሳቸውን አስታውቋል። አብዛኞቹ የሄዱት ክብደት ለመቀነስ ነበር።

ታዲያ ወሳኙ ነገር ምንድን ነው? በ2013 የታተመ የሚሺጋን ጥናት ቁልጭ ያለ መልስ ሰጥቷል። 20 ቀዶ ሐኪሞች ባይፓስ ሲሠሩ የተቀረጸ ቪዲዮ አቀረቡ፤ የሙያ ባልደረቦቻቸውም የማን እጅ መሆኑን ሳያውቁ ቅልጥፍናውን፣ ጥንቃቄውንና አሰፋፉን እያዩ ነጥብ ሰጡ። ዝቅተኛ ነጥብ ካገኘው ሩብ ዘንድ ከታከሙት መካከል 14.5 በመቶው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለችግር ሲዳረጉ፣ ከፍተኛ ነጥብ ባገኘው ሩብ ዘንድ ግን 5.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ይህን የእጅ ልዩነት የትኛውም ሰሌዳ፣ የትኛውም «በፊትና በኋላ» ፎቶግራፍ አያሳይም። የጥናቱ ሐኪሞች ስምም ለሕዝብ አልወጣም።

ማስታወቂያው መልካም ጎን አለው የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ሕክምናው ከሚገባቸው ሰዎች በዓመት የሚያገኙት በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ስኳርና የደም ግፊት ያለበት ሰው መፍትሔ መኖሩን የሚሰማው ከማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ኢንሹራንስ ለማይከፍልለትም ዝቅተኛው ዋጋ ብቸኛው በር ነው። ነገር ግን በር መክፈትና ከበሩ በስተጀርባ ያለውን መደበቅ ለየቅል ናቸው። ለማዕከላት የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል ቢባልም፣ ማረጋገጫው ዝቅተኛውን መስፈርት እንጂ የእያንዳንዱን ሐኪም ውጤት አይነግረንም። የእያንዳንዱ ሐኪም ውጤት ይፋ ቢወጣ ሐኪሞች ከባድ ሕመምተኛ መሸሽ ይጀምራሉ የሚለው ስጋት ክብደት ያለው ነው፤ መፍትሔው ግን ውጤቱን ከታማሚው የሕመም ክብደት ጋር አገናዝቦ ማስላት እንጂ መሸሸግ አይደለም።

ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች የእያንዳንዱን ሐኪም ውጤት ለሕዝብ ያውጡ፤ ፉክክሩም በዚያ ይሁን። እስከዚያው ግን ይህን ሕክምና የምታስቡ ሁሉ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሐኪሙ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ቀደደ? ከእነርሱስ በ30 ቀን ውስጥ ስንቱ ወደ ሆስፒታል ተመለሰ? ቫይታሚን ዕድሜ ልክ መውሰድ ስለሚያስፈልግ፣ ደማችሁን በየጊዜው የሚመረምረው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለሌለው ሐኪም ቤት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ጨጓራችሁን አትስጡት።