ደራሲው ያልሳለው ፊት

እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ከዴንማርክ የተላኩ ሥዕሎች ደረሱት። ላኪዋ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ታላቅ ልብ ወለዱን አንብበው ያንን ዓለም በወረቀት ላይ ያሰፈሩ፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ የሆነ ልዕልት ነበሩ፤ ማርግሬቴ። ቶልኪንን ሥዕሎቹ ከራሱ አሣሣል ጋር መመሳሰላቸው አስገረመው። ልዕልቲቱ እ.ኤ.አ. በጥር 1972 ነገሡ፤ ሥራቸው ደግሞ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤሪክ ፍሬዘር ለኅትመት እንዲመች አድርጎ ዳግም ስሎት በ1977 ከመጽሐፉ ጋር ታተመ። በመጽሐፉ ላይ የሰፈረው ግን የንግሥቲቱ ስም አልነበረም፤ «ኢንጋሂልድ ግራትመር» የሚል የብዕር ስም ነበር።

ንግሥት ይሁኑ እንጂ ያደረጉት ነገር በየአገሩ ያሉ ወጣቶች ማታ ከሥራና ከትምህርት ሲመለሱ የሚያደርጉት ነው። አሳታሚ አላዘዛቸውም፤ ክፍያም አልተቆረጠላቸውም። አንድ መጽሐፍ አነበቡ፣ ገፀ ባሕርያቱ ከልባቸው አልወጣ አሏቸው፣ እርሳስ አነሱ። ፋን አርት ወይም የአድናቂ ሥዕል የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል፤ የሌላውን ፈጠራ መኮረጅ ነው የሚሉም አሉ። ምርጥ ምርጡን ቀርቦ ለሚያይ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ዘንዶ፣ አስማትና ጦርነት በሞላበት ታሪክ ውስጥ ደራሲው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፈውን ሰው ሠዓሊው ፈልጎ ያገኘዋል፤ አስቀምጦም ፊቱን ያሳየናል።

ቶልኪን ራሱ ብሩሽ የሚይዝ ሰው ነበር። በ1937 ለታተመው «ሆቢት» ተራሮቹን፣ ደኖቹንና ወንዞቹን የሳለው እሱ ነው። የሰው ቅርጽ ላይ ሲደርስ ግን እጁ አይታዘዝለትም ነበር፤ ይህንንም ራሱ ያውቀዋል። የታሪኩ ዋና ሰው ትንሹ ሆቢት ቢልቦ ከዘንዶው ስማውግ ጋር የሚነጋገርበትን ሥዕሉን ብንወስድ ዘንዶው በወርቅ ክምር ላይ ተንፈላስሶ ገጹን ይሞላዋል፤ ቢልቦ ከታች ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ምስል ብቻ ነው። ፈርቷል? ደፍሯል? ፊቱ አይነግረንም። የታሪኩ ሁሉ ልብ የዚያ ትንሽ ፍጡር ድፍረት ሆኖ ሳለ ድፍረቱ የሚታይበት ቦታ ባዶ ቀርቷል።

ደራሲው ለዚህ ባዶነት ጥብቅና የቆመበትም ጊዜ አለ። በ1939 በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ካቀረበው ንግግር ተነሥቶ ስለ ተረት በጻፈው ድርሰት፣ ሥዕል ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ ብዙም አይጠቅምም ሲል ተከራክሯል። ነጥቡ ይህ ነው፦ ጽሑፍ ኮረብታ ሲጠራ እያንዳንዱ አንባቢ የሚያየው ያደገበትን ኮረብታ ነው፤ ሠዓሊ ሲመጣ ግን አንዱን ኮረብታ ብቻ አስቀምጦ ሌላውን ሁሉ ያስወጣዋል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በአንድ ሠዓሊ ለተሳለ አንድ እትምም ልክ ይመስላል። የአድናቂዎች ሥዕል ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ስለ አንድ ሆቢት ሺህ ሰዎች ሺህ ፊት ሲስሉ ቶልኪን ይዘጋል ብሎ የፈራው በር አይዘጋም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ኮረብታ ይዞ ይወጣል።

እርግጥ ቶልኪን ከደረሱት ሥዕሎች ሁሉ ጋር ተስማምቶ ኖረ ማለት አይደለም። በ1946 ሆሩስ ኤንግልስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ላሳየው ሥራ የሰጠው አስተያየት መራራ ነበር፤ ቢልቦ አፍንጫው የሚንጠባጠብ፣ አስማተኛው ጋንዳልፍም መሣቂያ ተደርጎ መሳሉ አናደደው። በ1968 ግን ሜሪ ፌርበርን የተባለች ሠዓሊ የላከችለትን ሥዕሎች ወደዳቸው። በሥዕል የታጀበ እትም ለማውጣት ወጪው አልፈቀደምና በዚያ ዘመን ሳይታተሙ ቀሩ፤ አንባቢ ያገኛቸው በ2015 የቶልኪን የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው።

የጎለም ነገር ደግሞ ለብቻው ሊወራ ይገባዋል። ጎለም በምድር ውስጥ ሐይቅ ዳር ብቻውን የሚኖር፣ የተሸከመው ቀለበት ያጎሳቆለው ፍጡር ነው። በ1962 የስዊድንኛው «ሆቢት» ሲዘጋጅ ሥዕሉ የተሰጠው የሙሚን ተረቶች ፈጣሪ ለሆነችው ለፊንላንዳዊቷ ቶቬ ያንሶን ነበር። እሷም ጎለምን ከቢልቦ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ግዙፍ አድርጋ ሳለችው። ጥፋት አልነበረባትም፤ መጽሐፉ ስለ ቁመቱ አንድም ቃል አይልም ነበር። ከዚያ በኋላ በተሻሻለው እትም ላይ ቶልኪን ጎለም ትንሽ ፍጡር እንደሆነ የሚናገር ቃል ጨመረበት። ያንሶን የአሳታሚ ትእዛዝ ተቀብላ የሠራች ባለሙያ እንጂ አድናቂ ብቻ አይደለችም፤ ታሪኩ ግን ሠዓሊ የሚያነበው እንዴት እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ተራ አንባቢ የጎለምን ቁመት ሳያውቅ መጽሐፉን ሊጨርስ ይችላል። ለመሳል የተቀመጠ ሰው ግን ቁመቱን፣ የጣቱን ርዝመት፣ የቆዳውን ቀለም፣ ቢልቦን የሚያይበትን ዓይን ሳይወስን አንዲት መስመር አይጨርስም።

የአድናቂ ሥዕል ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ከደራሲው ቴሪ ፕራቼትና ከሠዓሊው ፖል ኪድቢ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ፕራቼት በ1983 «ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ»ን አሳትሞ ዲስክወርልድ የተባለውን ዓለም ጀመረ። ይህ ዓለም እንደ ሳሕን ዝርግ ሆኖ በአራት ዝሆኖች ጀርባ ላይ ተቀምጧል፤ ዝሆኖቹ ደግሞ በኅዋ ውስጥ በምትዋኝ ግዙፍ ኤሊ ላይ ቆመዋል። ሣቅ የሞላበት ነው። የመጽሐፎቹን ሽፋን ለብዙ ዓመታት የሳለው ጆሽ ከርቢ ነበር፤ ቀለሙ የደመቀ፣ ገጹ በሰውና በጭራቅ የተጨናነቀ። ሥራው ዓይን ይስባል፤ መጽሐፎቹንም በየመደብሩ ያስለየው እሱ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ «ባለ አራት ዓይን» ተብሎ የተገለጸውን ቱፍላወር የተባለ አገር ጎብኚ፣ መነጽር ማድረጉን ለመናገር መሆኑን ስቶ በእርግጥም አራት ዓይን አድርጎ ሳለው። ጠንቋዮቹን ደግሞ አስቀያሚ አሮጊቶች አደረጋቸው።

ኪድቢ በ1964 የተወለደ ለንደናዊ ነው። በ17 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚዘጋጅበት ቤት ተቀጠረ፤ ቆይቶ የሰላምታ ካርድና የመሳሰሉትን በመሳል መተዳደር ጀመረ። የፕራቼትን መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ገፀ ባሕርያቱን ለራሱ ይስል ጀመር፤ በ1993ም ደራሲው ለአንባቢዎች ሲፈርም ተሰልፎ ሥዕሎቹን በፖስታ አሽጎ ሰጠው። ፕራቼት ፖስታውን ከፈተ። በ1996 የሁለቱ የጋራ ሥራ የሆነ የሥዕል መድበል ወጣ፤ በ2001 «ዘ ላስት ሂሮ» በኪድቢ ሥዕል ታጅቦ ታተመ። ከርቢ በዚያው ዓመት ሲሞት የሽፋኑ ሥራ ወደ ኪድቢ ዞረ። በ2002 ለ«ናይት ዋች» የሳለው ሽፋን የሬምብራንትን ዝነኛ የሌሊት ዘብ ሥዕል የተከተለ ነው። ሬምብራንት ራሱን ስሎበታል በሚባለው ቦታ ላይ ኪድቢ ያስቀመጠው የጆሽ ከርቢን ፊት ነው።

በሁለቱ ሠዓሊዎች መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ግራኒ ዌዘርዋክስ ላይ ነው። ግራኒ በተራራ መንደር የምትኖር ጠንቋይ ናት፤ ታዋልዳለች፣ የሚሞቱትን ትጠብቃለች፣ ማንም ሊሸከመው የማይፈልገውን ውሳኔ ትሸከማለች። በመጽሐፎቹ ውስጥ ከሚያበሳጯት ነገሮች አንዱ ፊቷ ላይ አንድም ኪንታሮት አለመውጣቱ፣ ጥርሷም አለመርገፉ ነው፤ ጠንቋይ እንዲህ አምራ አትታይማ። ኪድቢ ይህን በጥንቃቄ አንብቦታል። የሳላት ሴት ቀጥ ያለች፣ ጉንጯ የጠለቀ፣ ዓይኗ የሚወጋ ናት። ክፉ መሆን እንደምትችል አውቃ በየቀኑ ደግነትን የምትመርጥ ሴት ድካም ይታይባታል። ጸሐፊው በብዙ መቶ ገጾች የበተነው ባሕርይ በአንድ ፊት ላይ ተሰብስቧል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ደጋግሞ ያነበበና የወደደ ሰው ነው።

በከተማው ዘበኞች አዛዥ በሳም ቫይምስ ላይ ደራሲውና ሠዓሊው አልተስማሙም ነበር። ፕራቼት በአእምሮው ያኖረው ተዋናዩን ፒት ፖስልትዌይትን ወጣትና ትንሽ ደልደል ያለ አድርጎ ነው፤ ኪድቢ ግን ክሊንት ኢስትውድን ያይ ነበር። ደራሲው ግን የሠዓሊውን ቫይምስ አልከለከለም። ቫይምስ በድህነት ያደገ፣ መጠጥ ሊያጠፋው የነበረ፣ በኋላ ግን ከተማ ቢቃጠል እንኳ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ለትንሹ ልጁ መጽሐፍ ለማንበብ ቤቱ የሚገኝ አባት ነው። አድናቂዎች ሲስሉት በሰይፍ ብቻ አይስሉትም፤ ልጁን ታቅፎ ሲያነብለት የላም ድምፅ ሲያሰማም ይስሉታል።

ሞትም አለ። በዲስክወርልድ ሞት ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ማጭድ የያዘ አፅም ነው፤ ግን ድመት ይወዳል፣ የሰው ልጅ ነገር ይገርመዋል። ኪድቢ የድመት ግልገል ይዞ ስሎታል። አፅም ከንፈርና ቅንድብ ስለሌለው ስሜት ለመግለጽ አስቸጋሪ ፊት ነው፤ ሠዓሊው በአንገቱ ዘንበል ማለትና በጣቶቹ አያያዝ ብቻ ርኅራኄን አሳይቶበታል። ለሞት የቀረቡ ሕሙማን ሞት እንደዚህኛው እንዲሆንላቸው ተመኝተው ለፕራቼት ይጽፉለት እንደነበር ደራሲው ተናግሯል። እሱም በ2007 የአንጎል ሕመም እንደያዘው ካወቀ በኋላ ከሰባት ዓመት በላይ ኖሮ መጋቢት 12 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ዐረፈ።

የመጽሐፍ ሽፋን ለገበያ የሚሠራ ነውና ሰይፉን፣ ግንቡን፣ ዘንዶውን ያስቀድማል፤ ይህ አያስወቅሰውም። አድናቂው ግን የሚሸጠው ነገር ስለሌለ የፈለገበት ገጽ ላይ መቆም ይችላል። በ2003 በታተመው አምስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ውስጥ ኔቪል ሎንግቦተም የተባለው ዓይን አፋር ልጅ ሆስፒታል ተኝተው የሚኖሩትን ወላጆቹን ሲጠይቅ ይታያል። ሁለቱም በደረሰባቸው ሥቃይ አእምሯቸውን ስተዋል፤ ልጃቸውንም አያውቁትም። እናቱ ተነሥታ ወደ እሱ ትመጣና የማስቲካ ወረቀት በእጁ ታስቀምጣለች። አያቱ ጣለው ትለዋለች፤ ልጁ ግን ወረቀቱን ወደ ኪሱ ሲከት ሃሪ ያየዋል። ፊልሙ ይህን የሆስፒታል ትዕይንት አልፎታል። አድናቂዎች አላለፉትም። ትንሽ ወረቀት፣ የከሳ የእናት እጅ፣ የጎረምሳ መዳፍ፤ አስማት የሚባል ነገር አይታይበትም። ከዚያ ወዲያ ኔቪል ኋላ በሚመጣው ጦርነት ለምን እንደዚያ እንደ ደፈረ የሚጠይቅ ተመልካች አይኖርም።

ፊልም ሌላም ጣጣ ያመጣል፤ ለገፀ ባሕርይ አንድ የታወቀ ፊት ይሰጠውና ያንን ፊት በዓለም ሁሉ ያጸናዋል። ከ2001 እስከ 2011 በወጡት ስምንት የሃሪ ፖተር ፊልሞች ሄርማይኒ ግሬንጀርን ኤማ ዋትሰን ስለተጫወተቻት ሄርማይኒ ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የምትመጣው እሷ ሆነች። መጽሐፉ የሚለው ግን ፀጉሯ ጥቅጥቅ ብሎ የሚያስቸግር፣ የፊት ጥርሶቿ ትልልቅ የሆኑ፣ ከማንም በላይ የምታጠና ልጅ መሆኗን ነው። ወላጆቿ አስማተኞች ስላልሆኑም «ደምሽ ቆሻሻ ነው» ተብላ ትሰደባለች። ይህን ስድብ ያነበቡ ጥቁር ወጣቶች ሄርማይኒን እንደራሳቸው ጥቁር አድርገው መሳል ጀመሩ። ከጽሑፉ ጋር የሚጋጭ ነገር አልጨመሩም፤ ፀጉሩም፣ ስድቡም፣ ከሌላው በእጥፍ መልፋቷም እዚያው ነበሩ። በተሳለችው ልጅ ፊት ላይ የሚታየው ሁልጊዜ ራሷን ማስመስከር ያለባት ተማሪ ጭንቀት ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ይህ ስሜት ደብዝዟል።

በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. «ሃሪ ፖተርና የተረገመው ልጅ» የተሰኘው ተውኔት ተዋንያን ሲታወቁ፣ ያደገችውን ሄርማይኒን እንድትጫወት የተመረጠችው ኖማ ዱሜዝዌኒ ሆነች። ዱሜዝዌኒ ከደቡብ አፍሪካውያን ወላጆች በስዋዚላንድ ተወልዳ በልጅነቷ ከእናቷና ከእህቷ ጋር ወደ እንግሊዝ የተሰደደች ተዋናይት ናት። ቁጣ ተነሣ። ተቃዋሚዎች በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ፊቷ ነጭ መሆኑን የሚጠቅስ ዐረፍተ ነገር አለ ብለው ተከራከሩ፤ ሌሎች ደግሞ ያ ቃል የሚናገረው በጭንቅ ሰዓት መገርጣቷን እንጂ ዘሯን አይደለም አሉ። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የቆዳዋን ቀለም እንዳልወሰነች፣ ጥቁር ሄርማይኒንም እንደምትወድ አስታወቀች።

ተውኔቱ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. በለንደን ፓላስ ቴአትር ተከፈተ። በ2017 ዱሜዝዌኒ በዚህ ሚና የእንግሊዝን ከፍተኛ የቴአትር ሽልማት፣ ኦሊቪየርን አገኘች፤ በ2018 ደግሞ ሄርማይኒን ይዛ ወደ ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ተሻገረች። ስሟ በማስታወቂያ ከመውጣቱ ዓመታት በፊት በየመኝታ ቤታቸው ጥቁር ሄርማይኒን ሲስሉ የነበሩት ልጆች ግን ማንም ፈቃድ አልሰጣቸውም ነበር፤ መጽሐፉን አንብበው ራሳቸው የደረሱበት ነገር ነው።