በጋዝ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜው ሲቀንስ፦ ምክንያቶቹና የምርመራው ቅደም ተከተል

መግቢያ

የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ባልደረሰባቸው የጤና ተቋማት ክትባትን ለማቆየት ካገለገሉት መሣሪያዎች መካከል በነጭ ጋዝና በቡታጋዝ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ይገኙበታል። በአሁኑ ጊዜ በፀሐይ ኃይል በቀጥታ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ተመራጭ ሆነዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጋዝ የሚሠሩትን የሚመክረው ሌላ አማራጭ በማይገኝበት ቦታ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ ቅዝቃዜው ሲቀንስ ምን መደረግ እንዳለበት ጤና ባለሙያው ማወቅ ይገባዋል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት የተሳሳቱ እርምጃዎች ይዘወተራሉ። አንደኛው ነበልባሉን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መተው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያው ሞቷል ብሎ ወደ መጋዘን ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ክትባቱን ሊያበላሽ ይችላል፤ ሁለተኛው አገልግሎቱን ያቋርጣል። በተበላሸ ክትባት የተከተበ ሕፃን በካርዱ ላይ እንደተጠበቀ ተመዝግቦ ሳለ በእርግጥ ሳይጠበቅ ይቀራል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ወረርሽኝ ሲነሣ ነው።

በቅድሚያ ክትባቱን ማዳን

የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ+8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ክትባቶቹ ወደ ቀዝቃዛ ሣጥን መዛወር አለባቸው። አይስ ፓኮቹ ሲነቀነቁ በውስጣቸው የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ከበረዶነታቸው መላላት ይኖርባቸዋል። የተነበበው ሙቀትና ሰዓቱ ይመዘገባል፤ በየብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ጠቋሚ፣ ማለትም ቪቪኤም፣ ይታያል። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ክትባቱ ተለይቶ በ+2 እና በ+8 ዲግሪ መካከል ይቀመጥ እንጂ አይጣልም፤ ለአገልግሎትም አይውልም።

የማቀዝቀዣው አሠራር

ይህን ዓይነት ማቀዝቀዣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1922 የፈለሰፉት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው። ኮምፕሬሰርም ሆነ ሌላ ተንቀሳቃሽ ክፍል የለውም። በተዘጋው ቱቦ ውስጥ አሞኒያ፣ ውኃና ሃይድሮጅን ይገኛሉ። ከታች ያለው ነበልባል አሞኒያውን ከውኃው ለይቶ ያተነዋል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከጀርባ ባሉት ክንፋም ቱቦዎች ሙቀቱን ለአየር ይሰጥና ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ፈሳሹ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ እንደገና በመትነን ከማቀዝቀዣው ውስጥ ሙቀት ይስባል፤ በመጨረሻም ውኃው መልሶ ይመጠዋል።

ፈሳሹ ወደ ታች የሚመለሰው በፓምፕ ሳይሆን በራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፤ እነርሱም የተመጠነ ሙቀት፣ የተስተካከለ አቀማመጥና ከጀርባው በነፃ የሚዘዋወር አየር ናቸው። ቱቦው ካልፈሰሰ ወይም በውስጡ ካልተደፈነ በቀር፣ የቅዝቃዜ መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ የአንዱ መጓደል ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. አቀማመጥ። በውኃ ልክ ከፊት ወደ ኋላም ከቀኝ ወደ ግራም ይለካል። ማቀዝቀዣው ካዘመመ ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ ታቁሮ ዑደቱ ይቋረጣል።

2. አየር። ማቀዝቀዣው ከግድግዳ በቂ ርቀት ይኑረው፤ በጀርባው ካርቶን ወይም ሌላ ዕቃ አይከማች። አቧራና የሸረሪት ድር ይጠረግ።

3. በርና ጭነት። በበሩ ጎማና በአካሉ መካከል ወረቀት ተደርጎ ሲዘጋ፣ ወረቀቱ ያለ ችግር ከተሳበ ጎማው አየር ያስገባል። የበረዶው ውፍረት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ይቅለጥ። ብዙ ያልቀዘቀዙ አይስ ፓኮችን በአንድ ጊዜ ማስገባትም ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል።

4. ነበልባል። ጤናማው ሰማያዊና የረጋ ነው። ቢጫ ከሆነ ጋዙ በሚገባ አይቃጠልም፤ ጥላሸትና መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይፈጠራል። ማቃጠያው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጸዳል። የጋዝ ማሳለፊያዋ ቀዳዳ በአልኮል ትታጠብ እንጂ በሽቦ ወይም በመርፌ አትጎርጎር፤ ከሰፋች የጋዙ መጠን ይዛባልና።

5. ጭስ ማውጫ። በውስጡ የተንጠለጠለው ጠምዛዛ ብረት ወጥቶ ጥላሸቱ ይጠረጋል፤ ከዚያም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ያለ እርሱ ሙቀቱ ሳይሠራ ወደ ውጭ ያመልጣል።

6. የጋዝ አቅርቦት። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ ሬጉሌተሩ ደክሞ ወይም ቱቦው ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ፕሮፔን እስከ −42 ዲግሪ ድረስ ይተናል፤ ቡታን ግን በባሕር ወለል ግፊት 0 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። ሁለቱ ከተቀላቀሉበት ሲሊንደር ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ በደጋ አካባቢ ሌሊት ነበልባል ቢደክም አያስደንቅም። ሲሊንደርን በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የጋዝ መፍሰስ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይደለም።

7. ማነጻጸር። መሣሪያው በኤሌክትሪክም የሚሠራ ከሆነ፣ ጋዙ ተዘግቶ ያለ ክትባት ለ24 ሰዓት በኤሌክትሪክ ይሞከር። በኤሌክትሪክ በሚገባ ከቀዘቀዘ፣ ቱቦው ደኅና ስለሆነ ችግሩ በጋዙ፣ በማቃጠያው ወይም በጭስ ማውጫው ላይ ነው። በሁለቱም ከደከመ ከ1 እስከ 3 የተጠቀሱት እንደገና ይታዩ፤ እነርሱ ከተስተካከሉም በኋላ ለውጥ ከሌለ ቱቦው ይጠረጠራል።

ነበልባል መጨመር ለምን አይበጅም?

ከመጠን ያለፈ ሙቀት ከአሞኒያው ጋር ውኃውንም ስለሚያተን ቅዝቃዜውን ይቀንሳል። በሌላ በኩል፣ በቀን ሙቀት ምክንያት የተከፈተ ነበልባል በሌሊት ሳይቀነስ ከቀረ፣ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው አምስት በአንድ ክትባት፣ የሳምባ ምችና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቶች ከበረዱ ይበላሻሉ፤ ቪቪኤም ደግሞ መብረድን አያሳይም። ስለዚህ የማስተካከያው ቁልፍ በጥቂቱ ብቻ ይዞር፤ ከአንድ ቀን በኋላም ውጤቱ ይታይ።

ከጤና ባለሙያው ሥራ ውጭ የሆነው

የአሞኒያ ሽታ ከተሰማ ወይም በቱቦው ላይ ቢጫ እድፍ ከታየ ቱቦው ፈስሷል ማለት ነው። ቢጫው ንጥረ ነገር ቱቦውን ከዝገት የሚከላከል መርዛማ ክሮሜት ስለሆነ በባዶ እጅ አይነካ። ነበልባሉ ይጥፋ፣ መስኮቱና በሩ ይከፈቱ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር። ይህን ቱቦ በበየድ ለመጠገን መሞከር አደገኛ ነው።

ማጠቃለያ

ከጥገና በኋላ ማቀዝቀዣው ባዶውን ይሠራ። ክትባት የሚመለሰው ጠዋትና ማታ የሚነበበው ሙቀት በተከታታይ በ+2 እና በ+8 ዲግሪ መካከል መርጋቱ በመዝገብ ሲረጋገጥ ነው። ከላይ የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ምርመራዎች ውኃ ልክ፣ ብሩሽ፣ ሳሙናና ቴርሞሜትር እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። በየወሩ በፕሮግራም ከተከናወኑ ብልሽቱ ክትባቱ ላይ ሳይደርስ ይታወቃል።