ግለትና ሞቅታ

ለመሆኑ «የጋለ ስሜት» ስንል ምን ማለታችን ነው? በየስብሰባውና በየሪፖርቱ እንጽፈዋለን። የማስተማር ልምምድ ሲገመገምም «ስሜት አለው» ወይም «ስሜት ይጎድለዋል» እንባላለን። ምንነቱን ቆም ብለን የመረመርነው ግን አይመስለንም።

በአማርኛችን ሁለት ተቀራራቢ ቃላት አሉ፤ ሞቅታና ግለት። ሞቅታ ጠላ የቀማመሰ ሰው የሚሰማው ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይበርዳል። ጠዋት ራስ ምታት እንጂ ሌላ አይተርፍም። ግለት ግን የብረት ነው። ብረት ከሰል ውስጥ ቆይቶ፣ ወናፍ እየተነፋለት፣ እስከ ውስጡ ድረስ ይግላል። ማረሻም ሆነ ማጭድ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ላይ ላዩን የሞቀ ብረት ቢቀጠቅጡት መች ይታዘዛል!

አውሮፓውያን ለዚህ ስሜት የሚጠቀሙበት ቃል ከግሪክ የተወረሰ ሲሆን፣ ሥረ ነገሩ «አምላክ ያደረበት» እንደማለት ነው። ለጥንት ግሪኮች ስሜቱ ከውጭ መጥቶ በሰው ላይ የሚያድር ኃይል ነበር። እኛም እኮ «ስሜቱ ሲመጣልኝ እሠራለሁ» እንላለን። በመምህርነት ሙያ ግን ወናፉን የሚነፋው መምህሩ ራሱ ነው።

ሞቅታ ምን ያህል እንደሚያታልል በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተደረገ አንድ ሙከራ ያስረዳል። አንድ ተዋናይ «ዶክተር ፎክስ» የሚል የሐሰት ስም ተሰጥቶት፣ ስለማያውቀው የሂሳብ ንድፈ ሐሳብ ለምሁራን ንግግር እንዲያደርግ ተደረገ። ንግግሩ እርስ በርሱ በሚጋጭ ሐሳብና ትርጉም በሌለው ቃል የተሞላ ነበር፤ አቀራረቡ ግን ሞቅ ያለ፣ በቀልድ የታጀበ ነው። ንግግሩን በአካልም ሆነ በተቀረጸ ፊልም የተከታተሉት 55 አድማጮች ነበሩ፤ አብዛኞቹ አመሰገኑት። ማታለሉን የነቃበት አልተገኘም። እንዲያውም አንዱ «ጽሑፎቹን አንብቤያለሁ» አለ! ውጤቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ።

ታዲያ በዶክተር ፎክስ ስቀን ብቻ ማለፍ የለብንም። እኛው በልምምድ ሳምንት አንደኛ ክፍል ገብተን «ሀ ሁ ሂ» እያስባልን ክፍሉን በጩኸት አናውጠነዋል። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እኛም ደስ አለን። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠችውን አንዲት ልጅ ጠርተን «እስቲ ሂን አሳዪን» ብንላት ጠመኔውን ይዛ ቀረች። ዜማውን ታውቃለች፤ ፊደሉን አታውቅም። ጣቷን በፊደሉ ላይ ሳናሳርፍ ድምፅዋን ብቻ ስናሞቅ ሰንብተናል ማለት ነው።

ይህን ስንል መምህር ቀዝቃዛ ይሁን ማለታችን አይደለም። ማስታወሻውን እያነበበ፣ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ የሚውል መምህር ዕውቀቱ ቢበዛም ተማሪው ዘንድ አይደርስም። ግለት በር ይከፍታል፤ በተከፈተው በር የሚገባውን የሚያዘጋጀው ግን ጥናት ነው።

ይህን ከአገራችን ታሪክም እንማራለን። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ሆኖም ሥራው በዘማች ዘፈንና ጭብጨባ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። በመጀመሪያው ዙር ላልተሳካላቸው የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ፊደል ለለዩት ደግሞ የድኅረ መሠረተ ትምህርት ማንበቢያ አስፈልጓል። በሆታ የተለየ ፊደል የሚነበብ ነገር ካጣ ይረሳልና።

እንግዲህ ግለት በምን ይታወቃል? አንደኛ፣ ከክፍል በፊት ማታ በትምህርት ዝግጅቱ ላይ ይታያል። ሁለተኛ፣ ዓይኑ በራሱ ላይ ሳይሆን ዝም ባለው ተማሪ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ገምጋሚው ደብተሩን አጥፎ ከወጣ በኋላም አይበርድም።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ከከተማ ርቀን፣ ብዙ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ስንቆም የሚያጨበጭብልን አይኖርም። መምህራኖቻችንም ሲገመግሙን የድምፃችንን ከፍታ ብቻ ሳይሆን፣ ያቺ የኋላ ወንበር ልጅ «ሂ»ን ማሳየቷን ይጠይቁልን። ጠመኔ ይዛ የቀረችው ልጅ ዕዳ አለብን።