በየሁለት ዓመቱ የሚከፈት መዝገብ

«አብዷል ተባለና በነጻ ወጣ» የሚለው ወሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያልገባበት ሻይ ቤት የለም። የሟች ወገን ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ የቀረ ይመስለዋል፤ የሕመምተኛው ወገን ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የታወቀ ነው፦ ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመም ምክንያት የሚሠራውን ማወቅ ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው አይቀጣም። የኔ ሙግት ግን ማንም በማይገልጠው አንቀጽ 132 ላይ ነው። ፍርድ ቤት ሰውየውን አደገኛ ነው ብሎ በተቋም እንዲዘጋበት፣ ወይም እንዲታከም ሲያዝ፣ ትእዛዙ የጊዜ ገደብ የለውም። በሬ ሰርቆ ሦስት ዓመት የተፈረደበት የሚፈታበትን ቀን ያውቃል፤ ሕመምተኛው አያውቅም። ያለው አንድ ነገር ነው፦ ውሳኔው በየሁለት ዓመቱ እንደገና ይታያል፤ የታዘዘበት ምክንያት ከጠፋ እርምጃው ይቆማል። ፕሬዚዳንት ሬገንን ያቆሰለው ጆን ሂንክሊም በፈረንጆቹ 1982 ጥፋተኛ አይደለም ቢባል፣ ያለ ምንም ገደብ የተለቀቀው በ2022 ነው። «በነጻ ወጣ» የሚሉ ይህን ይቁጠሩልኝ።

ነገሩን የሚያበላሸው የጊዜ መምታታት ነው። አንቀጽ 48 የሚጠይቀው ስለዚያች ስለ ድርጊቱ ቀን ነው፤ አንቀጽ 132 ስለ ዛሬ። ሆኖም ክለሳ ሲነሳ ሰው ሁሉ ወደ አስከሬኑ ይመለሳል፦ ስንት ቦታ ወጋው፣ እናቱ እንዴት አለቀሰች። ያ ሐዘን እውነት ነው፤ የክለሳው ጥያቄ ግን እሱ አይደለም። ጥያቄው ሕመሙ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል፣ አደጋውስ አለ ወይ ነው። ሐኪምም «እብድ ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕጉ ውስጥ የለም። አንቀጽ 51 እንደሚለው ዳኛውን የሚያስገድደው የሐኪሙ ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ከግኝቱ ተነስቶ ኃላፊ ነው አይደለም ማለት የዳኛው ሥራ ነው።

ጠበቆችንም አንድ ነገር ልበላቸው። ሕመምን እንደ ማምለጫ ቀዳዳ ታነሱና፣ ውሳኔው በተሰጠ ማግሥት ደንበኛችሁን ትረሱታላችሁ። ሁለት ዓመቱ ሲደርስ አቤት የሚለው ማን ሊሆን ነው?

ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ደጃፍ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ የልጄ ፍርድ ስንት ዓመት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ። «አባቴ፣ ዓመት የለውም፤ በየሁለት ዓመቱ ይታያል» አልኳቸው። ዝም ብለው አስበው «እንግዲያ ሁለት ሁለት ዓመት እያሉ ነው የሚፈርዱበት» አሉ። አይደለም ብዬ ብዙ አስረዳሁ፤ አላመኑኝም።

የሕክምናው ቦታ ርቀትም ቀላል አይደለም። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም 380 ኪሎ ሜትር ገደማ። በቆሎ በሚሰበሰብበት ወር ከቡሬ ገጠር ተነስቶ ልጁን የሚጠይቅ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ጠያቂ የሌለው ሰው ደግሞ ሲለቀቅ የሚረከበው አይገኝም። ለቤተሰብም ልንገር፦ ጸበል መውሰዱን አልነቅፍም፤ እንክብሉን አስጥላችሁ ስትወስዱት ግን እቆጣለሁ።

ሐኪሙ ተሽሎታል ብሎ ቢጽፍም በጎጃም አንድ ነገር ይቀራል፤ እርቁ። ሽማግሌ ሳይገባ፣ ደም ሳይደርቅ ወደ ቀበሌው የተመለሰ ሰው ለራሱም ያሰጋል። ሕጉ ይህን አይጠይቅም፤ ቤተሰብ ግን የሁለት ዓመቱን ቀጠሮ ቁጭ ብሎ ከሚጠብቅ ሽማግሌዎቹን ቀድሞ ይላክ፤ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ እየተቀበለ የሚያስውጠው ማን እንደሆነም ከወዲሁ ይወስን።